ያለ ክትባት የተዘመተበት ትል

ለውጭ ለጋሽ የሚቀርብ የፕሮጀክት ሰነድ ገልጦ የሚያውቅ ሰው አንዱን ገጽ በሚገባ ያስታውሰዋል። «ባለድርሻ አካላት» የሚል ርዕስ ያለው ገጽ ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ፣ ክልሉ፣ ወረዳው፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የሴቶችና የወጣቶች አደረጃጀቶች ተራ በተራ ይሰለፉበታል። ገንዘቡ ሲፈቀድ የትውውቅ ዐውደ ጥናት ይጠራል። ባነር ይሰቀላል፣ ሻይ ቡና ይባላል፣ ውሎ አበል ይከፈላል፣ የጋራ ፎቶ ይነሳል። ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ከዚያ አዳራሽ ሳይወጣ ይቀራል።

የዛሬው ዝግጅታችን ዝርዝሩ ከወረቀት ወርዶ በየመንደሩ ሥራ ስለሆነበት አንድ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ይተርካል፤ ጊኒ ዎርም የተባለውን የትል በሽታ ከምድረ ገጽ ለማጥፋት ስለተከፈተው ዘመቻ። ግብረ ሰናይ ድርጅቶች በእርዳታ ገንዘብ በሚሠሯቸው ፕሮጀክቶች ባለድርሻዎችን እንዴት ያስተሳስራሉ? አንዱን ሲረሱትስ ምን ይገጥማቸዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከዚህ የተሻለ ማሳያ በቀላሉ አይገኝም። ታሪኩ እስከ ጋምቤላ የሚዘልቅ በመሆኑ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ከበሽታው ጋር እንተዋወቅ። ትሉ ወደ ሰው የሚገባው በመጠጥ ውሃ ነው። በኩሬ ውስጥ ለዓይን በጭንቅ የሚታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ የትሉን እጭ ይውጣሉ። ያንን ውሃ ሳያጣራ የጠጣ ሰው ለአንድ ዓመት ያህል ምንም አይሰማውም። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣበታል፤ ያቃጥለዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። እብጠቱ ሲፈነዳ እስከ አንድ ሜትር የምትረዝም ነጭ ሴት ትል ብቅ ትላለች። ሰውየው ማቃጠሉ እንዲበርድለት እግሩን ኩሬ ውስጥ ሲነክር ትሏ እጮቿን በብዛት ትረጫለች፤ ኩሬው እንደገና ይበከላል፤ ዑደቱ «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ትሏን በአንዴ መጎተት አይቻልም። ከተበጠሰች ቁስሉ ያመረቅዛል። ስለዚህ በትንሽ እንጨት ወይም በፋሻ ላይ በየቀኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ እየጠቀለሉ፣ ለሳምንታት ታግሦ ማውጣት ነው። በሽተኛው በነዚያ ሳምንታት ማረስም፣ ማጨድም፣ ውሃ መቅዳትም አይችልም።

ለዚህ በሽታ ክትባት የለም። ትሉን የሚገድል መድኃኒትም የለም። የባለድርሻዎቹ ጉዳይ ከሌሎች ፕሮጀክቶች ይልቅ እዚህ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ክትባት ቢኖር አንድ ሚኒስቴር በመኪና ጭኖ፣ በበረዶ ሣጥን ይዞ፣ በዘመቻ ይጨርሰው ነበር። እዚህ ግን መደረግ ያለበት ሁሉ በተለያየ ሰው እጅ ነው። ውሃውን የምታጣራው እናት ናት። ትል የወጣበትን ሰው ከኩሬ የሚያርቀው ጎረቤቱ ነው። ኩሬው በኬሚካል እንዲታከም የሚፈቅዱት የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ደግሞ የውሃ ቢሮው ነው።

የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርና ባለቤታቸው ሮዛሊን በ1982 ያቋቋሙት ካርተር ሴንተር በ1986 ወደ ዘመቻው ሲገባ፣ በ21 የአፍሪካና የእስያ አገሮች በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በጊኒ ዎርም እንደሚያዙ ይገመት ነበር። ሐሳቡን ቀድሞ የጀመረው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በአህጽሮት ሲዲሲ የሚባለው ነው። ከፊት ከነበሩት ሰዎች አንዱ ፈንጣጣን ለማጥፋት በሴራሊዮን የሠሩት ሐኪም ዶናልድ ሆፕኪንስ ነበሩ።

ዘመቻው ሲዋቀር ሥራው ተከፋፈለ። በየአገሩ ባለቤቱ ጤና ሚኒስቴር ሆነ። ካርተር ሴንተር ገንዘብ ማፈላለጉን፣ ባለሙያና ቁሳቁስ ማቅረቡን፣ ማስተባበሩን ያዘ። ሲዲሲ የበሽታውን መረጃ መተንተንና የቴክኒክ ምክር መስጠት ድርሻው ሆነ። ዩኒሴፍ ወደ ንጹህ ውሃ አቅርቦት አዘነበለ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ምስክር ወረቀት ሰጪ ነው። ለዚሁ ተብሎ በ1995 ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ተቋቋመ። አንድ አገር ነጻ ነኝ ለማለት ቢያንስ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በጥብቅ ቁጥጥር ውስጥ ሆኖ አንድም በሽተኛ ማግኘት የለበትም። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ሠሪው ራሱን አለመመርመሩን ነው። በብዙ ፕሮጀክቶች ገንዘቡን የተቀበለው ድርጅት ሪፖርቱንም ራሱ ይጽፋል፣ ስኬቱንም ራሱ ያውጃል።

የንግድ ኩባንያዎች የገቡበት መንገድም ለማወቅ የሚገባ ነው። ጥቃቅኑን ፍጥረታት ለማስቀረት ውሃውን በጨርቅ ማጣራት ይበቃል። ተራው የጥጥ ጨርቅ ግን ቶሎ ይደፈናል። ካርተር ይህንን ችግር ዱፖንት በተባለው የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ለነበራቸው ባለሀብት ለኤድጋር ብሮንፍማን አጫወቷቸው። ዱፖንት ክሩን፣ ፕሪሲዥን ፋብሪክስ የተባለው ፋብሪካ ሽመናውን ይዘው፣ ቀዳዳው እኩል የሆነና ቶሎ የማይበላሽ የናይለን ጨርቅ ሠርተው በነጻ ሰጡ። አሜሪካን ሳያናሚድ፣ በኋላም ባስፍ፣ ኩሬ ማከሚያውን ቴሜፎስ የተባለ ኬሚካል ለገሱ። ከብት ይዞ ለሚዘዋወረው አርብቶ አደር፣ ከቀዬው ርቆ ለሚውለው ገበሬ ደግሞ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ጫፉ ላይ ማጣሪያ ያለው የመጠጫ ቱቦ ተዘጋጀለት። ለሱዳን የታሰቡት በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ቱቦዎች ሲሠሩ ፕላስቲኩን የሰጠው ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ነበር።

ከእነዚህ ኩባንያዎች የተጠየቀው ቼክ ብቻ አልነበረም። ሌላ ማንም ሊሰጥ የማይችለውን፣ የገዛ ፋብሪካቸውን ዕውቀት ነው የተጠየቁት።

ከካርተር ሴንተርና ከሲዲሲ ቢሮዎች፣ ከፋብሪካዎቹም ሌላ ጫፍ ላይ የመንደሩ በጎ ፈቃደኛ አለ። የባለድርሻዎቹ መረብ ክብደት ያረፈው በእሱ ወይም በእሷ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው በመንደሩ ሰው ነው፤ ቋንቋውን ያውቃል፣ ማን ወደ የትኛው ኩሬ እንደሚወርድ ያውቃል። ሥራው ቤት ለቤት እየዞሩ «እብጠት የወጣበት ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንድ ሰው ሲገኝ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። በዘመቻው መመዘኛ መሠረት አንድ በሽተኛ «ሥርጭቱ ተገትቷል» የሚባለው ትሉ ብቅ ከማለቱ በፊት ወይም ብቅ ባለ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲደረስበት ነው። ትሉ ከወጣ ወዲህ ውሃ ውስጥ አለመግባቱ መረጋገጥ አለበት። ቁስሉ መታጠብና ትሉ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ በፋሻ መታሰር አለበት። ተቆጣጣሪው በ7 ቀን ውስጥ መጥቶ በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ አለበት። ውሃ ነክቷል የሚል ጥርጣሬ ካለ ኩሬው በኬሚካል ይታከማል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ በሽተኛው ቢድንም እንኳ በሪፖርቱ ላይ «አልተገታም» ተብሎ ይጻፋል።

አድማጮች፣ «ግንዛቤ ተፈጥሯል»፣ «ትስስር ተጠናክሯል» ከሚሉት የሪፖርት ቃላት ጋር ይህንን መመዘኛ ማነጻጸር ነው። በጎ ፈቃደኛው ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል፤ ተቆጣጣሪው በስንት ቀን መድረስ እንዳለበት ያውቃል፤ ወረዳው በወሩ መጨረሻ የትኛውን ቁጥር እንደሚልክ ያውቃል። አንድም ሰው ባይታመም እንኳ «ዜሮ» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል፤ ሪፖርት ያልመጣበት መንደር ጤነኛ ነው ተብሎ አይታለፍም።

ቁጥሩ ተሰብስቦ መሳቢያ ውስጥም አልቀረም። ሲዲሲ የሚያሳትመው የዘመቻው መጽሔት የእያንዳንዱን አገር አኃዝ ከሌሎቹ ጎን እያሰለፈ ያወጣል። ማን ቀነሰ፣ ማን ጨመረ፣ ማን ሪፖርት አዘገየ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይነበባል። ለጋሹም፣ ሚኒስትሩም፣ የጎረቤት አገር ሚኒስትርም ያነበዋል። አንዱ አገር የሌላውን ቁጥር ሲያይ ከማንም ግፊት በላይ ይነሸጣል።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ረቂቅ ችግር ነበረ። ትሉ በሰውነት ውስጥ አንድ ዓመት ስለሚቆይ የዘንድሮ ሥራ ፍሬ የሚታየው በከርሞ ነው። በየዓመቱ ውጤት ለሚጠይቅ ለጋሽ ይህንን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ሌላም አለ፤ የበሽተኛው ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ ለአንድ በሽተኛ የሚወጣው ወጪ እየጨመረ ይሄዳል። አንድ መንደር ውስጥ አንድ ሰው ለማግኘት መቶ መንደር መዞር ግድ ይላልና። «ሊያልቅ ነው» በሚባልበት ሰዓት ለጋሽ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል።

ለዚህ የተገኘው አንዱ መላ ለጋሾችን እርስ በርስ ማሰር ነበር። በ2000 ጌትስ ፋውንዴሽን 28.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ ገንዘቡ ለካርተር ሴንተር፣ ለዓለም ጤና ድርጅትና ለዩኒሴፍ በጋራ የታሰበ ነበር። በ2008 ፋውንዴሽኑ 40 ሚሊዮን ዶላር ቃል ሲገባ 8 ሚሊዮኑን ብቻ ያለ ቅድመ ሁኔታ ሰጠ፤ 32 ሚሊዮኑ የሚለቀቀው ሌሎች አንድ ዶላር ሲያዋጡ አንድ ዶላር እየተጨመረ እንዲሆን ተደረገ። የእንግሊዝ መንግሥት በዚያው ጊዜ 10 ሚሊዮን ፓውንድ አዋጣ። በ2012 ደግሞ ጌትስ ፋውንዴሽን፣ የወቅቱ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ፕሬዚዳንት ሼክ ኸሊፋና በእንግሊዝ የሚገኘው ሲአይኤፍኤፍ የተባለው የሕፃናት ፋውንዴሽን በአንድ ላይ 40 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገቡ። እንዲህ ያለው ቅድመ ሁኔታ ለተቀባዩ ድርጅት ራስ ምታት ነው፤ ሌላ ለጋሽ ፍለጋ ደጅ መጥናት አለበትና። ነገር ግን ፕሮጀክቱ ለአንድ ኪስ ብቻ ታማኝ እንዳይሆን፣ ያ አንዱ ሲሄድም አብሮ እንዳይወድቅ ያደርገዋል።

አንዳንዶቹ ባለድርሻዎች በምንም ዐውደ ጥናት ላይ በአንድ አዳራሽ የሚቀመጡ አልነበሩም። በ1995 በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ሲካሄድ የበሽታው ዋና መናኸሪያ የአገሪቱ ደቡብ ነበር፤ የጤና ሠራተኛ ግን ሊገባበት አይችልም ነበር። ካርተር መንግሥትንና አማፂያኑን አነጋግረው የሁለት ወር ተኩስ አቁም አስፈረሙ፤ ተራዝሞ ስድስት ወር ገደማ ቆየ። በዚያ ፋታ ከ200,000 በላይ የጨርቅ ማጣሪያዎች ታደሉ፤ ሕፃናትም የኩፍኝና የፖሊዮ ክትባት አገኙ። ጦርነቱ ቆይቶ ቀጠለ። በ2006፣ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ፕሮግራሙ በሰፊው ሲገባ በደቡብ ሱዳን 20,581 ሰዎች ታመው ተገኙ። በ2012 ቁጥሩ ወደ 521 ወርዶ ነበር።

በሌሎች አገሮች የቀድሞ መሪዎች ራሳቸው ተንቀሳቀሱ። ማሊን የመሩት አማዱ ቱማኒ ቱሬ በፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች መሪዎች ዘንድ ተሟገቱ። የናይጄሪያው ጄኔራል ያኩቡ ጎዎን በአገራቸው ገጠሮች እየዞሩ የወረዳ ሹማምንትን በሕዝብ ፊት «ጉድጓዱ የት ደረሰ?» እያሉ ያፋጥጡ ነበር። ናይጄሪያ በ1988 ባደረገችው ቆጠራ ከ650,000 በላይ በሽተኞች ነበሯት፤ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በ2008 ነው። በጋና የቀይ መስቀል ሴት በጎ ፈቃደኞች ማጣሪያ ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ውሃ ቀጂዋም አጣሪዋም ሴት ስለሆነች፣ ወንድ ጤና ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ የሚናገረውን እነሱ ጋን አጠገብ ሆነው አሳዩ።

ሁሉም ግን በእሺታ አልሄደም። በምዕራብ አፍሪካ አንዳንድ መንደሮች ኩሬው የአባቶች መንፈስ ያለበት ስለሆነ ኬሚካል አይነካውም ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። መንግሥት አዝዟል ብሎ በግድ መጨመር ፋይዳ የለውም። ተቀምጦ መነጋገር፣ አንዳንዴም ወራት መታገሥ አስፈልጓል። የመንደሩ ሰዎች ሌላም ቅሬታ ነበራቸው፤ «እኛ የጠየቅነው ጉድጓድ ነው፤ እናንተ የሰጣችሁን ጨርቅ» የሚል። ጨርቁ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ጉድጓዱ ግን ከትሉም ከተቅማጡም ያድናል። ለአንድ በሽታ ተብሎ የመጣ ገንዘብ የመንደሩን ቀዳሚ ጥያቄ ወደ ጎን የማድረጉ ነገር እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው።

አሁን ወደ ጋምቤላ እንምጣ። በኢትዮጵያ የጊኒ ዎርም ማጥፊያ ፕሮግራም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል፤ ትሉም በዋናነት በጋምቤላና በደቡብ ኦሞ ተወስኖ ነበር። ቁጥሩ እየቀነሰ ሄዶ በ2016 የተገኙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። በ2017 ግን 15 በሽተኞች ተገኙ። ሁሉም በአቦቦ ወረዳ በአንድ ትልቅ የእርሻ ልማት ላይ ለመሥራት ከኦሮሚያ የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ የጠጡትም በእርሻው ውስጥ ካለ ኩሬ ያልተጣራ ውሃ ነው። በየመንደሩ በጎ ፈቃደኛ ነበረ፤ እርሻው ግን መንደር አይደለም። በየቤቱ ማጣሪያ ነበረ፤ ወቅት ጠብቆ መጥቶ የሚሄድ የቀን ሠራተኛ ግን በማንም መዝገብ ላይ ቤት የለውም። መረቡ በደንብ ተሠርቶ ነበር፤ የተሠራው ግን ነዋሪ ለሆነ ሰው ነው።

ቻድም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል፤ እሷን ያስደነገጧት ደግሞ ውሾች ናቸው። ለአሥር ዓመት በሽተኛ ሳይመዘገብባት ቆይታ በ2010 ትሉ እንደገና ተገኘ። ከዚያ ውሾች ላይ በብዛት መታየት ጀመረ፤ በአንዳንድ ዓመታት ከአንድ ሺህ በላይ ውሾች ተይዘው ተገኝተዋል። በወንዝ ዳር ዓሣ አስጋሪዎች የሚጥሉት የዓሣ ሆድ ዕቃ አንዱ መተላለፊያ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ስለታሰበ፣ እስከዚያ ቀን ማንም «ባለድርሻ» ያላላቸው ሰዎች ወደ ሥራው ገቡ፤ ዓሣ አጣቢዎችና የውሻ ባለቤቶች። የሆድ ዕቃው እንዲቀበር፣ የታመመው ውሻ ቁስሉ እስኪደርቅ እንዲታሰር፣ ለጠቆመም ሽልማት እንዲከፈል ተደረገ።

በጋምቤላ ከውሻ በተጨማሪ ዝንጀሮ ላይ ትሉ ተገኘ። ዝንጀሮን ደግሞ የጤና ባለሙያ አያውቀውም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ከጤና ተቋማቱ ጎን የተሰለፈው በዚህ ምክንያት ነው። በጎግና በአቦቦ ወረዳዎች ለጫካው ቅርብ የሆኑ ነዋሪዎች ከ2018 ጀምሮ ውሾቻቸውን እያሰሩ ማኖር ጀመሩ። ለአደን፣ ለማርና ለዓሣ ጫካ የሚገቡ ወንዶች ከየትኛው ኩሬ እንደሚጠጡ የሚያውቁት ራሳቸው በመሆናቸው፣ የትኛው ውሃ መታከም እንዳለበት መንገድ የሚመሩትም እነሱ ናቸው።

በመጋቢት 2022 ኢትዮጵያን ጨምሮ በሽታው ገና ያልጠፋባቸው አገሮችና ምስክር ወረቀት የሚጠብቁ ሌሎች አገሮች አቡዳቢ ላይ ተሰብስበው እስከ 2030 ለማጥፋት የጋራ መግለጫ ፈረሙ። በ2023 በዓለም ላይ 14 ሰዎች፣ በ2024 ደግሞ 15 ሰዎች ብቻ ታመው ተመዝግበዋል። በሁለቱም ዓመታት በኢትዮጵያ በሰው ላይ አልተገኘም። ነገር ግን ትሉ በእንስሳት ላይ እስካለ ድረስ ምስክር ወረቀቱ አይሰጥም።

በጋምቤላና በአካባቢው የምትገኙ አድማጮች፣ ወይም ለእርሻ ሥራ ወደዚያ የምትጓዙ፣ የኩሬና የወንዝ ውሃ ሳታጣሩ አትጠጡ። ከሰው፣ ከውሻ ወይም ከዱር እንስሳ ገላ ትል የመሰለ ነገር ሲወጣ ካያችሁ በአቅራቢያችሁ ላለ ጤና ኬላ ወይም በጎ ፈቃደኛ በዚያው ቀን ንገሩ፤ ለጠቆመ ሰው የተዘጋጀ ሽልማት አለ። የእርሻ ልማት አስተዳዳሪዎችም አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥሩ የሠራተኞቹን ዝርዝር ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ ማጣሪያውን ከዚያው ውሰዱ።